ልጆቹን ሪችመንድ ውሰጃቸው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለሐምሌው የትምህርት ቤት እረፍት ጎልድ ኮስት ለመሄድ እንዳሰባችሁ ነግረሽኛል። ባሕሩ የትም አይሄድም፤ ዘንድሮ ሪችመንድ ውሰጃቸው ብዬ ልለምንሽ ነው የምጽፈው።

ሪችመንድ አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ግዛት፣ ከታውንስቪል ከተማ ወደ ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው ያለችው። ከተማዋ ሕዝቧ ሺህ አይሞላም፤ ዙሪያዋ ከብት የሚረባበት ደረቅ ሜዳ ነው። ያ ሜዳ የዛሬ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባሕር ነበር። ክሮኖሶረስ ኮርነር የሚባለው ሙዚየም የዚያን ባሕር አውሬዎች አጥንት ያሳያል። እኔ ግን ከፊቱ አልሄድ ያልኩት ኩንባራሶረስ የሚሉት የየብስ ዳይኖሰር ነው። ገላውን እንደ ጥሩር የአጥንት ቅርፊት ሸፍኖታል። ሞቶ ውሃ ወደ ባሕር ወስዶት፣ ቅርፊቱ እንኳ ሳይበተን ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ሆዱ ውስጥ የበላው ቅጠልና ዘር ሳይቀር ተገኝቷል። አስቢው፣ የመጨረሻ ምግቡ!

ይህ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው እዚያው አካባቢ ካለ የከብት እርባታ ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932፣ ከአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች በሪችመንድ አቅራቢያ ክሮኖሶረስ የሚባለውን የጥንት የባሕር አውሬ ትልቅ አጽም ቆፍረው አሜሪካ ወስደዋል፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። የአገሬው ልጅ እሱን ለማየት ውቅያኖስ መሻገር አለበት። ከዚያ በኋላ የተገኙት አጽሞች ግን እዚያው ከተማዋ ውስጥ ይታያሉ። እኛ የሉሲ አጥንት አዲስ አበባ በመኖሩ ስንት እንደምንኮራ ታውቂያለሽ። የሪችመንድን ሰው ኩራት ልጆቹ በዓይናቸው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ደግሞ ማየት ብቻ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ማንም ሰው እንዲቆፍር የተፈቀደ ቦታ አለ። መጀመሪያ ሙዚየሙ ገብታችሁ ጠይቁ፣ መንገዱንና ደንቡን ይነግሯችኋል። የዓሣ ቅርፊትና የባሕር ዛጎል የታተመበት ድንጋይ ይገኛል፤ ያገኙትንም መልሰው ቢያመጡ ምን እንደሆነ ባለሙያዎቹ ይነግሯቸዋል። ትልቁ ልጅሽ ስልኩን ጥሎ ድንጋይ ሲፈልግ የሚውልበት ቀን ይኖራል ብዬ አምናለሁ።

ማታ ማታ ፍሬድ ትሪተን ሐይቅ ሂዱ። በሰው እጅ የተሠራ ነው፣ ከከተማው ዳር። ይዋኙበታል፣ ዓሣ ያጠምዱበታል፣ ጀልባም ይነዱበታል።

በበጋ እንዳትሞክሪው፣ ሙቀቱ አይቻልም፤ ሐምሌ ግን ቀኑ ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሹራብ ያዙ። ውሃ በብዛት ጫኑ። ፀሐይ ስትጠልቅ ካንጋሮ መንገድ ላይ ይወጣልና በጨለማ አትንዱ። ተሳቢ የሚያስከትሉት ረጃጅም የጭነት መኪኖች ርዝመታቸው ከ50 ሜትር ያልፋል፤ ባልሽ ለመቅደም አይቸኩል።

ከወሰናችሁ ቶሎ ደውይልኝ፤ ማደሪያው በእረፍት ጊዜ ይሞላል። አባትሽ እኔም እሄዳለሁ እያለ ነው፣ መኪናው ውስጥ ቦታ ያዢለት።

እናትሽ