ልጄ «አልፈልግም» ስትል ማንም አልሰማትም

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ከ13 ዓመት ልጄ እምቢ እያለች ለጥናት ስለተወሰደው ደም

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልጄን ሆዷን ሲቆርጣት ከማራኪ በባጃጅ ይዣት መጣሁ። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አያት። የሰገራና የደም ምርመራ አዘዘላት። ጃርዲያ ተገኘባት፣ መድኃኒቷን ወሰደች፣ አሁን ደህና ናት። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

የታዘዘው ደም ተወስዶ ልጄ ጥጡን ይዛ ተቀምጣለች። ነጭ ጋወን የለበሰ ወጣት ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። «እናት፣ ትንሽ ደም ለጥናት እንፈልጋለን፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለኝ። የምን ጥናት እንደሆነ ጠየቅሁት። «የልጆች የሆድ ትላትል ነው፣ ምንም ችግር የለውም» አለ። ከኋላችን ወረፋው ረጅም ነበር። ሳላነብ ፈረምኩ። እሱም አላነበበልኝም።

ልጄ «እማ፣ በቃ፣ ሁለተኛ አልፈልግም» አለች። እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። የላብራቶሪ ባለሙያዋ «አይዞሽ፣ አንዴ ነው» እያለች ክንዷን ሳበችው። በሌላ በኩል አጥብቄ የያዝኳት እኔ ነኝ። እናቷ።

ማታ ላይ ጠየቀችኝ። «የመጀመሪያው ደም ለእኔ ነው። ሁለተኛው ለማን ነው?» መልስ አልነበረኝም። ቀጥላ «አልፈልግም ስል ለምን ያዝሽኝ?» አለች። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

መምህርት ነኝ፤ ስለዚህ ጉዳዩን ፈልጌ አነበብኩ። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው፣ ከዚያም በየጊዜው ያሻሻለው፣ በሰው ላይ ስለሚደረግ የሕክምና ጥናት ሥነ ምግባር የሚደነግግ የሄልሲንኪ መግለጫ አለ። ልጁ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ከሆነ፣ ከወላጁ ፈቃድ በተጨማሪ የራሱም ይሁንታ መጠየቅ አለበት ይላል። እምቢ ካለም እምቢታው ይከበርለታል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመናገር መብት ይሰጠዋል። የተናገረውም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ያዛል። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። የተናገረችው ደግሞ ግልጽ ነበር።

ሐኪሙ ያዘዘላትን መድኃኒት አልውጥም ብትለኝ ኖሮ አባብዬም ተቆጥቼም አስውጣት ነበር። መዳን አለባት፤ እዚያ ላይ የመወሰን ኃላፊነት የእኔና የሐኪሙ ነው። ሁለተኛው ብልቃጥ ግን ለሕመሟ አልነበረም። ባይወሰድ ምንም አይጎድልባትም። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የልጅ «አልፈልግም» የመጨረሻው ቃል መሆን ነበረበት። የእኔ ፊርማ ሊሽረው አይገባም።

የወላጅ ፊርማ ብቻውን ልጅን እንደማያድን የታየበት ታሪክም አለ። አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሎውብሩክ በሚባል ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለዓመታት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት ለጥናት ሲባል ሆን ተብሎ የጉበት ቫይረስ እንዲይዛቸው ተደርጓል። ወላጆቻቸው ፈርመው ነበር። የእናንተን ከዚያ ጋር አላስተካክልም። ግን እኔም ፈርሜያለሁ፣ እነሱም ፈርመው ነበር።

ጥናት አልጠላም። ከመተማ ቆላ ካላዛር በሚባለው ገዳይ በሽታ ተይዘው የሚመጡ ወጣቶችን ጎንደር ውስጥ ያላየ ማን አለ? ያለ ጥናት እነሱን የሚያድን መድኃኒት አይገኝም። ወጣቱ ከልጄ ፊት ቁጭ ብሎ ምን እንደሚያጠና፣ መርፌው ትንሽ እንደሚያም፣ እምቢ ብትልም ሕክምናዋ እንደማይጓደል ቢነግራት ኖሮ፣ እሷን አውቃታለሁና ምናልባት እሺ ትል ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። እኔም ጭምር። ልጅን መጠየቅ አይመጣልንም።

አሁን የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ደሙ የት እንዳለ ንገሩኝ። ለጥናቱ ከሰጠሁት ፈቃድ ወጥቻለሁ፤ ደሙም መረጃዋም ይወገድ፣ መወገዱም በጽሑፍ ይረጋገጥልኝ። ጥናቱን የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንደፈቀደው አሳውቁኝ። የፈረምኩበትን ወረቀት ቅጂ ስጡኝ፤ ባዶ እጄን ነው የሸኛችሁኝ። ባለሙያዋን ብቻ ቀጥታችሁ ነገሩን እንዳትዘጉት እለምናለሁ። እሷ የምትሠራው እንደለመደችው ነው፤ መለወጥ ያለበት ልማዱ ነው።

ስልኬ ካርዷ ላይ አለ። መልሱን ግን ለእኔ ብቻ አትጻፉት። ለእሷም ለብቻ ጻፉላት፣ ይቅርታም ጠይቋት። ሰባተኛ ክፍል ናት፣ በደንብ ታነባለች።

ከሰላምታ ጋር
የልጅቷ እናት