ጫጫታውንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ምግብ ቤቶች የምታወጡትን አምድ ሳላነብ አላልፍም። ሼፉ ማን እንደሆነ፣ ዓሣው እንዴት እንደተጠበሰ፣ ጣፋጩ በምን እንደቀረበ አሳምራችሁ ትጽፋላችሁ። ምራቄን ያስዋጣችሁኝ ቀን ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ትዘላላችሁ። ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከእናቴ ጋር ያመሸሁበትን አንድ ምሽት ልንገራችሁ።

እናቴ 71 ዓመት ሞላት። ለልደቷ ዘንድሮ ደህና ቦታ ልውሰዳት ብዬ፣ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ምግብ ቤት ከሁለት ሳምንት በፊት ቦታ አስያዝኩ። እሷም የክት ልብሷን ለበሰች፤ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ «አልረፈደም ወይ?» ስትለኝ ዋለች።

ገና በሩን ስንከፍት ድምፁ ተቀበለን። ቤቱ ያምራል፤ እሱን አልክድም። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ያልተለሰነ ጡብ፣ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት፣ ወለሉ የተወለወለ ሲሚንቶ ነው። ወጥ ቤቱም ክፍት ነው። መጥበሻው ሲጋጭ ታያላችሁ፤ ትሰማላችሁም። ለእኛ የተያዘው ጠረጴዛ ከባሩ አጠገብ፣ ልክ ከድምፅ ማጉያው ሥር ነበር። እናቴ ተቀመጠች። ሜኑውን ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ አራቀች፣ መልሳ አቀረበች። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ የዓይን ብሌን እየጠበበ ስለሚሄድ የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ፈገግ ብላ ሜኑውን ለእኔ ሰጠችኝ።

ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ያልሰማች ጊዜ የምታመጣው ነው።

አንድ ወጣት አስተናጋጅ መጣ። ትሁት ልጅ ነው፤ ምንም አላጠፋም። ጎንበስ ብሎ «ሥጋው እንዴት ይሁንልዎ?» አላት። እናቴ ሳታመነታ «ቀነስ በል እንጂ ልጄ!» አለችው። ልጁ ራሱን ነቅንቆ ጻፈ። እኔም እሳቱን ማለቷ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ሥጋው ሲመጣ ከላይ ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ጫፉን ቆረጠች። ቀይ ፈሳሽ በነጩ ሳህን ላይ ተንሸራቶ ድንቹ ሥር ደረሰ። ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሹካዋንም አስቀመጠች። ሳህኑን በሁለት ጣቷ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ይሄስ ቢጠሩት አቤት ይላል» አለችኝ።

(በነገራችን ላይ ያ ቀይ ፈሳሽ ደም አይደለም። ደሙ አብዛኛው ከብቱ ሲታረድ ይፈሳል። ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ውሃውን የሚያቀላው እሱ ነው። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። በዚያ ሁካታ መሀል «ማዮግሎቢን! ማዮግሎቢን!» እያልኩ ስጮህ ምን እንደምመስል እናንተው ገምቱት።)

ለካ እሷ የሰማችው «ዋጋው እንዴት ይሁንልዎ?» የሚል ነው። ታዲያ ቀነስ በል ከማለት በቀር ምን ትበል?

ስንስቅበት ከረምን እንጂ ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ከጆሮ መጀመሪያ የሚሸሹት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ስ፣ ፍ፣ ት ከዚያ ወገን ናቸው። ወፍራሞቹ አናባቢዎች ይቆያሉ። ስለዚህ ሰውየው እያናገራችሁ መሆኑን ትሰማላችሁ፤ ምን እንዳለ ግን አይያዝላችሁም። «ሥጋው» ላይ ስ ስትነሳ የሚቀረው «ጋው» ነው። ቀሪውን ጆሮ ከራሱ ይሞላል። እናቴ ቤት ውስጥ፣ ሬዲዮው ሲዘጋ፣ አንድ ቃል አያመልጣትም። ጎረቤት ያማትንም ትሰማለች። ጫጫታ ሲጨመርበት ነው ሁሉም የሚበላሸው። መስሚያ መሣሪያ ያደረጉ ሰዎችም እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ይቸገራሉ፤ መሣሪያው ከንግግሩ ጋር የሹካውንም ኳኳታ ያጎላዋል።

ሁለተኛ አስተናጋጅ መጣ። ጠና ያለ ሰው ነው። ሳህኑን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከላያችን የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ አየ። ከዚያ እሷ ፊት ለፊት ቁጢጥ አለ። ፊቱ ከፊቷ እኩል ሆነ፤ የባሩ መብራት ከንፈሩ ላይ አረፈ። «እማማ፣ እዚህ ይረብሻል። ጸጥ ያለ ቦታ ላስቀምጥዎ?» አላት። አልጮኸም። ቃሎቹን ለይቶ፣ ረጋ ብሎ ነው ያላቸው። ጩኸት አናባቢውን ያጎላል እንጂ ለእነ «ስ» እና ለእነ «ፍ» ብዙም አይረዳቸውም። አንድም ቃል ሳያመልጣት «እግዜር ይስጥህ» ብላ ተነሳች።

የወሰደን ወደ ጥግ ነው። ከኋላችን ግድግዳ፣ በጎናችን ወፍራም መጋረጃ፣ ከሥራችን ጨርቅ የለበሰ ረጅም ሶፋ። ትንሽ መብራት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ሥጋውን ወስዶ ሌላ አዘዘ። እኔ ሳመሰግነው «አባቴ በአንድ ጆሮው ነው የሚሰማው፤ ለምጄዋለሁ» አለኝ፤ ሄደ።

እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም። ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አለ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ አጠገብ ስለካ 84 ዴሲቤል አለኝ፣ ጥጉ ጋ 66። የስልክ መለኪያ እንደ ባለሙያ መሣሪያ አይታመንም፤ ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ተራ ጨዋታ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። በየ10 ዴሲቤሉ ድምፁ ለጆሯችን በእጥፍ ያህል ይጨምራል። እናም በአሥራ አምስት እርምጃ ልዩነት ጫጫታው ከሦስት እጥፍ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ያው ቤት፣ ያው ሙዚቃ፣ ያው ሰው።

መስታወት፣ ሲሚንቶና ጡብ ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ። መጋረጃ፣ ምንጣፍና የጠረጴዛ ልብስ ይውጡታል። ፋሽኑ እነዚህን ሦስቱን አባርሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ጎረቤት ጠረጴዛ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እናንተም ሳታውቁት ከፍ ታደርጋላችሁ፣ እነሱም ይጨምራሉ። ይህን ልማድ ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ለይቶት በስሙ ይጠራል። ባለቤቱ ደግሞ ሙዚቃው አልሰማ ሲለው ይጨምርበታል።

«ሰው የሚሄደው ለምግቡ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ድሮ በአውሮፓ ግብዣ ላይ ሳህኑ ሁሉ አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ይደረደር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው አንዱን ጨርሶ ሌላውን ማቅረብ የተለመደው፤ የሩሲያ አቀራረብ ይሉታል። ምግቡ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል። በሳህንና በሳህን መካከል ግን ባዶ ጊዜ ይተርፋል። አስተናጋጁ ሹካችሁን ቀይሮ ሲሄድ ምን ትሠራላችሁ? ታወራላችሁ እንጂ። የዚያ ምሽት ሦስት ሰዓት ውስጥ አፋችን ላይ ምግብ የነበረበት ጊዜ ተደምሮ አርባ ደቂቃ ቢሞላ ነው።

እናቴ ከሾርባው በኋላ አንድ ነገር አጫወተችኝ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ቤት ሲጋብዛት ሁለቱም ጠግበው በልተው ሂሳብ መጣ። አባቴ ኪሱን ዳበሰ። ሌላውን ኪሱን ዳበሰ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ማራገፍ ጀመረ። የከፈለችው እሷ ናት፣ ለመጽሐፍ መግዣ ከያዘችው። «ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ ቤት ስገባ ጆሮዬ የሚጠብቀው ዋጋውን ነው» አለችኝ። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ባሩ አጠገብ ብንቀር ኖሮ ዛሬም አልሰማውም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ጎማ ፋብሪካው ሚሽለን እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ለምግብ ቤቶች ኮከብ ይሰጣል፤ ዓለም ሁሉ ያንን ኮከብ ይከተላል። ኮከቡ የሚሰጠው ግን ሳህኑ ላይ ላለው ብቻ ነው። ወንበሩም፣ ጫጫታውም፣ ቁጢጥ ብሎ የሚያነጋግረው አስተናጋጅም አይቆጠርም። ይሁን፣ የእነሱ ሥራ ነው። ጋዜጣ ግን ከዚያ በላይ ማየት ይችላል። የሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ በምግብ ቤት ግምገማዎቹ ላይ የጫጫታውን ልክ በደወል ሥዕል ሲያሳይ ኖሯል፤ የባሰበት ቤት ደወል ሳይሆን ቦምብ ይሰጠው ነበር። የዋሽንግተን ፖስት ገምጋሚም በዴሲቤል ይጽፍ ነበር። ምን ያህል ቦታ ይፈጃል? ግማሽ መስመር!

ጉዳዩ የእናቴ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰው በተወሰነ ደረጃ የመስማት ችግር አለበት። ደህና የሚሰማውም ቢሆን አያተርፍም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት የአውሮፕላን ውስጥ ድምፅ እያሰማ ሰዎችን አቅምሷል። ጣፋጩ ደብዝዞባቸዋል። ሼፉ ከጠዋት ጀምሮ የደከመበትን ማጉያው ማታ ይበላበታል ማለት ነው።

ስለዚህ ጸሐፊያችሁ በሚቀጥለው ሲሄድ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን አይሂድ። ዓርብ ማታ ይሂድ። ከድምፅ ማጉያው ሥር ይቀመጥ። ቢቻል ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ይዞ ይሂድና ያ ሰው ስንቴ «ምን አልክ?» እንዳለው ይቁጠር። ቁጥሩን ብቻ አውጡልን፤ እኔ ለእሱ ዴሲቤል አልፈልግም።

የምግብ ቤቱን ስም ያልጻፍኩት ልጁን ላለማሳጣት ብቻ አይደለም። ያ ጥግ ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው። እናቴ ለሚቀጥለው ዓመት ከአሁኑ እንዳስይዝላት አዝዛኛለች።

የዘወትር አንባቢያችሁ