ለሳቁ ትዝታ ስጪው

ጎንደር፣ ኅዳር

ውድ ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽውን ቪዲዮ ከእናትሽ ጋር ሦስት ጊዜ አየነው። ሚዜው አንድ እግር ጫማው ጠፍቶበት የሌላ ሰው ሰፊ ጫማ አጥልቆ ሙሽራውን ሲያጅብ፣ አረማመዱ ብቻውን ያስቃል። ያበላሸብሽ ድምፁ ነው። ሰውየው በተደናቀፈ ቁጥር ጡሩምባ ይጮኻል፣ ከኋላ የተቀዳ ሳቅ ይከተላል። ተመልካቹ ሳይጀምር አንቺ ስቀሽ ጨረስሽለት።

«ማሲንቆውንና ኮሜዲውን አንድ ላይ መያዝ ካልቻልኩ የትኛውን ልተው?» ብለሽኛል። አንዱንም አትተዪ። ይልቅ የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያኑ ቻርሊ ቻፕሊን ሙዚቃና ቀልድ ሁለቱን እንዴት እንዳገጣጠማቸው ተመልከቺ። ሰው የሚያስታውሰው ባርኔጣውንና ከዘራውን ነው። እሱ ግን እናቱም አባቱም የመድረክ ዘፋኞች የነበሩ የለንደን ልጅ ነው፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1889። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቫዮሊን ይለማመድ ነበር። ግራኝ ስለነበር ክሮቹን ገልብጦ ማሰር ብቻ አልበቃውም፤ በቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ ያሉት ደጋፊ እንጨቶችም ጎናቸው ተቀይሮለታል። በ1914 በሳምንት 150 ዶላር እየተከፈለው ፊልም ጀመረ፤ በ1916 ሳምንታዊ ክፍያው 10,000 ደረሰ።

ኖታ መጻፍ ግን አይችልም ነበር። ዜማውን ያንጎራጉራል ወይም በመሣሪያ ይሞክራል፣ ኖታ አዋቂው አጠገቡ ተቀምጦ ይጽፍለታል። የኛስ አዝማሪ መች ኖታ ጻፈ?

አንቺን የሚመለከተው በ1931 የወጣው «ሲቲ ላይትስ» የተባለው ፊልሙ ነው። ፊልም መናገር ከጀመረ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያለ ንግግር ሠርቶ ሙዚቃውን ራሱ አዘጋጀ። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ድሃውን ሰው ሀብታም ናቸው ብላ እንድትሳሳት ምክንያት አጥቶ ብዙ ተቸገረ። ያቺን ትዕይንት 342 ጊዜ እንደቀረጻት ይነገራል። መፍትሔው የመኪና በር ሆነ፦ ሰውየው መንገድ ለማቋረጥ በቆመች መኪና ውስጥ አልፎ በወዲያኛው በር ሲወጣ፣ በሩ ሲዘጋ ትሰማለች፤ ባለመኪናው ወረደ ብላ ታስባለች። ድምፅ በሌለው ፊልም ነገሩን የፈታው ድምፅ ነው! አንቺ 342 ጊዜ ቅረጪ አልልሽም፣ ባትሪሽም አይችለውም፤ ነገር ግን ሚዜው ለምን የሰው ጫማ እንዳደረገ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ድምፅ ያስረዳን። አሁን በጽሑፍ ነው የነገርሽን።

ሙዚቃውን ያቀናበሩለት ሰዎች ለቀልዱ የሚያስቅ ሙዚቃ ሊያደርጉለት ሲሉ እምቢ ብሏል። ዜማው ከቀልዱ ጋር እንዲፎካከር አልፈለገም፤ የራሱ ጨዋነትና ለስላሳ ስሜት እንዲኖረው ነበር የሚሻው። ምስሉም ዜማውም አንድ ላይ ከቀለዱ ማን ይሰማል? ሚዜው እኮ እየቀለደ አይደለም፤ ማዕረጉን ለማዳን እየተጨነቀ ነው። ስለዚህ የሠርግ ዘፈኑን ከቪዲዮው አውጪና በሙሉ ትዝታ ቅኝት ማሲንቆ ብቻ አስገቢ። እርምጃው በደቂቃ 110 ያህል ከሆነ ዜማውን ወደ 60 ምት ዝቅ አድርጊው። ምቱ ከእግሩ ጋር ከገጠመ የወታደር ሰልፍ ይሆንብሻል። ከመደናቀፉ ግማሽ ሰከንድ ቀድመሽ ደጋኑን አቁሚ፣ ከዚያ ዝም። «ተቀበል!» ተብሎ ግጥም የተሰጠው አዝማሪ ወርቁን ከመጣሉ በፊት የሚያደርጋት ዝምታ እሷ ናት።

ስትቀጂ ስልኩን ከማሲንቆው ግማሽ ሜትር አርቂው፣ በደጋኑ ትይዩ ሳይሆን በቆዳው ፊት። ደጋኑ ከተንሸራተተ ፀጉሩ የእጅ ቅባት ነክቶታል፤ ዕጣን እሺው፣ ግን በጥቂቱ፣ ሲበዛ ይሻክራል። በክረምት ቆዳው እርጥበት ስለሚጠጣ ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል። ከከሰሉ ራቅ አድርገሽ አሙቂው፤ ካስጠጋሽው ይሰነጠቃል። ክሩንም ወደ አንገቱ እንጨት አትጫኚ፣ በጣትሽ ጎኑን መንካት ይበቃል። ከጫንሽው ዜማው ከፍ ይልብሻል።

ቀረጻው ላይ ደግሞ ካሜራሽ ቀርቧል። ቻፕሊን ሰውየውን ከራስ እስከ ጫማ ያሳያል፣ ቶሎ ቶሎም አይቆርጥም። የጫማ ቀልድ እየሠራሽ እግሩን ከቆረጥሽው ምን ቀረ? ስልኩን በወገብ ቁመት፣ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቀት ትከዪው። ፈጣን እንቅስቃሴ ካማረሽ፣ በዚያ ዘመን ካሜራው በእጅ ይዘወር ስለነበር በሰከንድ 16 ምስል ገደማ ተቀርጾ ከዚያ በፈጠነ ፍጥነት ሲታይ ነው ሰዎቹ የሚጣደፉት። አንቺ ከ1.2 እጥፍ አትለፊ፤ ድምፁን አስቀድመሽ ለይተሽ አውጪ፣ አለዚያ ማሲንቆው እንደ ትንኝ ይጮኻል።

ሌላም አለ። አበባ ሻጯ ስትታይ የሚሰማው ዜማ የቻፕሊን አይደለም፤ የስፔናዊው ሆሴ ፓዲያ ነው። ስሙን ሳይጠቅስ ቀርቶ ተከሰሰ፣ ተረታም። በኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የታወቀ ዘፈን ከምትወስጂ በትዝታ ቅኝት የራስሽን ዜማ ሥሪ፤ ቅኝቱ የሕዝብ ነው፣ ማንም አይከስሽም።

ለጥምቀት ስትመጪ ፒያሳ ላይ ልትቀርጪ ነው አሉ። ከጥር 10 እስከ 12 ሰው ስለሚበዛ አይመችሽም፤ 14 ወይም 15 ጠዋት 12:30 ላይ፣ ባጃጁ ሳይበዛ ውጪ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ከሆነ አስቀድመሽ ፈቃድ ጠይቂ።

ሰፊ ጫማ አትግዢ፤ የኔ 44 ቁጥር ጥቁሩ አለ። ጨርቅ ስትጠቀጥቂበት ከፊት በኩል ብቻ ይሁን። ተረከዙ ካልተንጠለጠለ «ጧ» አይልም።

አባትሽ