ለቆሮሶ፣ ከካባው ዳር

ይድረስ ለቆሮሶ፣

በዚህ ስም የሚጠራሽ ሰው አሁንም አለ? ወይዘሮ ከሆንሽ ወዲህ የሚደፍርሽ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ሌላው ስምሽ አፌ ላይ አልመጣልኝም።

ይቅርታ ጠፍቻለሁ። አንቺም አልደወልሽም፤ ተቻቻልን። የኛ ቤት ወሬ ይኸውልሽ፦ ትልቋ ልጄ ቁመቷ በልጦኛል፣ ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፣ ባለቤቴ ወፍሯል። አለቀ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የጻፍኩት ናፍቀሽኝ ብቻ አይደለም። አባትሽን ፈልጌ ነው። አትሳቂ።

ከአማቶቼ ቤት ጀርባ ያለው የድንጋይ ካባ ትዝ ይልሻል? ሰርጌ ማግስት ጫማሽን ይዘሽ አፋፉ ላይ የተንቀጠቀጥሽበት። ድንጋዩን ያወጡት ሰዎች ጉድጓዱን እንዳለ ጥለውት ሄደዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይሞላል፤ አሁን በጋም ላይ አይደርቅም። እና ዓሣ ጨመርንበት። አዎ፣ ዘመዶችሽን፣ ቆሮሶዎቹን። ጫጩቶቹን ያመጣናቸው እዚሁ ሰበታ ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ነው።

ዓሣው እንደገባ ወፉ ደረሰ። ያ ጥቁሩ፣ ዝዋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው። ጠልቆ ገብቶ አንዱን ይዞ ይወጣል፣ ራሱን ቀና አድርጎ ይውጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። ድንጋይ ብትወረውሪ ወዲያ ማዶ ሄዶ ቁጭ ይላል። እናንተ ዝዋይ ቄጠማ አላችሁ፣ ዓሣው ይሸሸግበታል። ካባ ግን ግድግዳውም ወለሉም ልሙጥ ድንጋይ ነው። ምስኪኖቹ የት ይግቡ?

ደግሞ እዚህ እንደናንተ አገር ቶሎ አይተኩም። ቆሮሶ ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆንለት ነው ደስ የሚለው። ከ20 በታች ሲወርድ መራባቱን ይተዋል፣ ምግብም ይቀንሳል። ዝዋይ 1,636 ሜትር ላይ ነው፤ እኛ ከ2,000 በላይ ነን። የኅዳርን ውርጭ ታውቂዋለሽ። በዚያ ላይ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ እንደሌላው ዓሣ እልፍ አትጥልም። ስለዚህ ወፉ አንዱን በዋጠ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል።

መፍትሔው እንጨት ማስመጥ ሆነ። ቅርንጫፉን አስረሽ፣ ድንጋይ አሸክመሽ፣ ውሃ ውስጥ ታሰምጪዋለሽ። ትንንሾቹ መሃሉ ይገባሉ፣ ወፉ አይደርስባቸውም። እየቆየ እንጨቱ ላይ አልጌ ይበቅላል፣ ቆሮሶ ደግሞ እሱን እየፋቀ ይበላል። መሸሸጊያም ምሳም ነው። እኔ የፈጠርኩት እንዳይመስልሽ። ቤኒን ውስጥ ኖኩዌ የሚባለው ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ ቅርንጫፍ ይተክላሉ፤ አካጃ ይሉታል። ባንግላዴሽም አለ።

እዚህ እንጨት ማለት ባህር ዛፍ ነው። ወይራ ቢሆን ኖሮ ክብደቱ ራሱ ያሰምጠው ነበር፣ ቶሎም አይበሰብስም፤ ግን ማን ወይራ ይቆርጣል? አጣና ቆራጮቹ ግንዱን ሲወስዱ የተረፈውን ቅርንጫፍ ገዛሁ። ቅጠሉን አንድ በአንድ አራገፍን፤ እርጥብ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከዚያ ከሚሠራ ሕንፃ የተሰባበረ ብሎኬት ለመንን፣ በቀዳዳው ቅርንጫፍ ሰካን፣ በናይሎን ገመድ ጠፈርን። ሲባጎ አይሆንም፣ ይበሰብሳል። ባለቤቴ "ሁለት ብሎኬት በቂ ነው" ብሎ ያሰረው የመጀመሪያው ደረቅ ስለነበር ተንሳፍፎ መሃል ላይ ሲንገዋለል ዋለ። ወፉ መጥቶ ላዩ ላይ አረፈበት! እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እሱ እስከ ማታ አኮረፈ።

የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ አበድኩ ብለዋል። እነሱ አንድ ሸክም ጭራሮ ለመልቀም ዳገት ይወጣሉ፣ እኔ ማገዶ ገዝቼ ውሃ ውስጥ እጥላለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ቆመው አይተው አይተው፣ "ልጄ፣ ውሃውን ልታፈይው ነው?" አሉኝ። ምን ልመልስ? እንጨቱ ዓሣ ይሆናል ብላቸው ጠበል ውሰዷት ይላሉ። ማታ ከቅርንጫፉ ትንሽ ቋጥሬ ላክሁላቸው።

ሥር ድረስ አላወረድነውም። እንዲህ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የታችኛው ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩም ያንሳል፤ ዓሣ አይኖርበትም። ካባው ደረጃ ደረጃ አለው አይደል? ሁለት ሦስት ሜትር የሚሆነው ደረጃ ላይ አስቀመጥነው። የሰፈሩ ልጆች የሚዋኙበትን፣ ጠጠር ያለበትን ጥግ ግን አልነካሁም። እግራቸው ቅርንጫፍ ውስጥ ቢያዝ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ወንዱ ቆሮሶም ጎጆውን የሚቆፍረው እዚያው ጥልቀት በሌለው ጠጠር ላይ ነው። እንጨት ባለበት ሁሉ ላይ ባዶ ጄሪካን አስሬ አንሳፍፌያለሁ፣ ቢጫ በቢጫ ሆኗል።

እና ሠራ! ጠዋት ፀሐይ ሲገባበት ከአፋፉ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ቅርንጫፉ መሃል ውልብ ይላሉ። ወፉ አሁንም ይመጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ሁዳዴ እየመጣ ነው። (ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ከአክስትሽ ጋር ጨርሺ፤ ገዢው እንደሆነ ይበላል።) ልናወጣ ነው፣ ግን በምን? መረብ ብንጎትት ቅርንጫፉ ላይ ተጠልፎ ይቀደዳል። ባለቤቴ "እንጨቱን እናውጣው፣ ከሱ በፊት እንዲህ ዓይነት ችግር አልነበረም" ይላል። በፊትማ ዓሣም አልነበረማ! ቤኒኖች እንጨቱን ዙሪያውን በመረብ ይከቡትና ቅርንጫፉን አውጥተው ዓሣውን ይሰበስባሉ። እነሱ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ውስጥ ቆመው ነው፤ ዝዋይም በአማካይ ከ2.5 ሜትር አይበልጥም ይባላል። እኛ ገደል ላይ ነን። በመንጠቆ እንዳንል ደግሞ ስንት ቀን ሊፈጅ ነው? አባትሽ ዕድሜያቸውን መረብ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቄጠማ ዳር ሲጥሉ እንዴት ነበር የሚያደርጉት? እንጨቱ ፊት ለፊት ዘርግቶ ዓሣው ሲወጣ መጠበቅ ይሻላል? አምባዛ እንጨምር የሚለውስ? ባለቤቴ አምባዛ ካላስገባሁ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ትንንሾቹ በዝተው እንዳይቀጭጩ ይበላልናል ነው የሚለው። በዚህ ብርድ ምን በዝተው!

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ። ወርቄን ሸጬዋለሁ። የአንገቱን። የአጥሩ፣ የጫጩቱና የመኖው ገንዘብ ከዚያ ነው የወጣው። በዓል ሲመጣ ሻርፕ እጠመጥማለሁ፣ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። አንቺ ብትኖሪ የመጀመሪያው ቀን ነበር የምትነቂብኝ።

እ... ስለዚያ ሰውዬም ሰምቻለሁ። ከሰው ነው የሰማሁት። ልጠይቅሽ ልተወው እያልኩ ነው እስክሪብቶ አንስቼ የማስቀምጠው። ካልፈለግሽ ይህን መስመር ዝለዪው። ከፈለግሽ ግን ቤታችን አንድ ክፍል ትርፍ አለው፣ ልጆቹም ይወዱሻል፣ እኔም ቅርንጫፍ የሚያራግፍ ሰው እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ወይ እሑድ አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ። አሮጌ መረብ ካላቸው ይያዙት፤ አዲሱን እንዳያመጡ፣ ቢቀደድ ዓይናቸውን አላይም። በሞጆ በኩል አትምጡ፣ አዲስ አበባ ገብታችሁ አየር ጤና ላይ ስትጋፉ ትውላላችሁ። በቡታጅራ ብትመጡ ዓለም ገና ላይ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ደውይልኝ፣ ባለቤቴ ይቀበላችኋል። ስለ አምባዛው ግን መንገድ ላይ እንዳያሳምናችሁ። ደግሞ አባትሽ ቡና ያለ ስኳር ነው አሁን? ቀድመሽ ንገሪኝ።

ያንቺው