ፒያኖ በርቀት መማር ይቻላል፣ ግን ትዝታው የት አለ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰሞኑን አንድ አንባቢ ቤት ተቀምጦ ፒያኖ በርቀት መማር ብር ማባከን ነው ብለው የጻፉትን አይቼ ነው። እኔ አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ ከሥራ የምገባው ማታ ነው፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቀን ክፍል ገብቶ መማር ለኔ ቢጤው አይሆንም፣ ስለዚህ በርቀት ነው የምማረው፣ የትምህርቱ ሞጁል በቴሌግራም ይመጣልኛል፣ የተጫወትኩትን ቀርጬ እልካለሁ፣ አስተማሪው ያርማል፣ በቃ።

እርግጥ ችግር አለው። በፒያኖ ትምህርት ጣቶች በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ አውራ ጣት 1 ትንሿ ጣት 5 ናት፣ በቀኝ እጅ ከዶ ሲነሱ 1፣ 2፣ 3 ይሉና አውራ ጣት ከሥር ሾልካ ፋ ላይ ታርፋለች፣ ወረቀት ላይ ቀላል ነው ግን የእጅ አንጓችሁ መውደቁን ወረቀት አይነግራችሁም። ስልኩን በጎን አድርጋችሁ ቅረጹ፣ አስተማሪው ያየዋል። ደግሞ 88 ቁልፍ ያለው ካልሆነ የሚሉትን አትስሙ፣ ለጀማሪ 61ዱ ኪቦርድ ይበቃል፣ ብቻ በባትሪም የሚሠራና ሄድፎን የሚሰካበት ይሁን (መብራቱም ጎረቤቱም ይታወቃል)።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፣ የከፈልኩበት ኮርስ ከዳር እስከ ዳር የፈረንጅ ዜማ ነው። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ፣ ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ከመጀመሪያው ተነስታችሁ ወደ ቀኝ አምስቱን ብትነኩ እኮ ትዝታ ሜጀር የሚባለው የአገራችን ቅኝት (የዜማ መሰላል) ነው! ኖታ የማያውቅ ልጅ ባንድ ምሽት ይይዘዋል። ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ባፈራ አገር ባቲና አንቺሆዬን የመሰለ ቅኝት የሌለበት የፒያኖ ኮርስ መሸጥ ምን ይባላል? ሙዚቃ የተማራችሁ ልጆች የአራቱን ቅኝት ሞጁል አዘጋጁልን እንጂ፣ እኔ ዛሬውኑ ከፍዬ እመዘገባለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ