«አራት ነጭ» የሚለው ይታረም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሮክ ባንዱ ቲን ሊዚ «ጄልብሬክ» አልበም ያወጣችሁትን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። «አራት ነጭ የአየርላንድ ወጣቶች» ብላችኋል። ዓይኔ ያታለለኝ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከጽሑፉ በላይ ባወጣችሁት ፎቶ ላይ ባስ ጊታር ይዞ መሃል የቆመው ማን ነው? ፊል ላይኖት አይደለም? ጥቁር ነው እኮ!

አባቱ ከያኔዋ ብሪቲሽ ጉያና የመጣ ጥቁር ነው፤ እናቱ የደብሊን ሴት። እንግሊዝ አገር ተወልዶ ደብሊን ክራምሊን ሰፈር አያቱ ቤት አደገ። ዘፋኙ እሱ፣ ባሲስቱ እሱ፣ የአብዛኛው ዘፈን ደራሲም እሱ ነው። እሱን አውጥታችሁ ከዚህ አልበም ምን ተረፋችሁ?

«የአየርላንድ» ያላችሁትም ግማሹ ስህተት ነው። ከደብሊን የወጡት ላይኖትና ድራመሩ ብራያን ዳውኒ ናቸው። ከጊታሪስቶቹ ስኮት ጎርሃም የካሊፎርኒያ፣ ብራያን ሮበርትሰን የስኮትላንድ ልጅ ነው።

ለምን እንዲህ እንደተናደድኩ ልንገራችሁ። ደብሊን ነው የምኖረው። የ14 ዓመት ልጄ ጊታር ከእጁ አይለይም። ትምህርት ቤት ባንድ ሲመሠረት አንድ አስተማሪ «አንተ ራፕ አይሻልህም?» አለው። ሁለት ቀን ጊታሩን አልነካም። የኛ ሰዎችም እሁድ ለቡና ሲመጡ «የፈረንጅ ጩኸት ምን ያደርግልሃል?» ይሉታል። አንድ ቀን ሃሪ ስትሪት ወስጄ የላይኖትን ሐውልት አሳየሁት። ቀና ብሎ ሲያየው ቆየና «ፀጉሩ እንደኔ ነው» አለኝ። ማታውኑ ጊታሩን አነሳ።

አማርኛው እንዲጠነክር ብዬ ጽሑፋችሁን ያነበብኩለት እኔው ነኝ። «አራት ነጭ» ላይ ስደርስ «ታዲያ ሐውልቱ የማን ነው?» አለኝ። እስቲ እናንተ መልሱለት።

«በድንገት ተሳካላቸው፣ ከዚያ አሜሪካን ችላ ብለው ተመለሱ» ያላችሁትም ያንገበግባል። ስድስተኛ አልበማቸው እኮ ነው! በፈረንጆቹ 1973 አንድ የአየርላንድ ባህላዊ ዘፈን በሮክ ተጫውተው እንግሊዝ ውስጥ 6ኛ ደረጃ ደረሱ። ከዚያ ጭር አለባቸው። ሦስት አልበም አውጥተው ብዙም አልተሸጠላቸውም፤ ይሄኛውም ባይሄድ ሙዚቃ አሳታሚው ኩባንያ ሊያሰናብታቸው ይችል ነበር። «ጄልብሬክ» በ1976 ማርች ወጣ። «ዘ ቦይስ አር ባክ ኢን ታውን» የሚለው ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 12ኛ፣ አልበሙ 18ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። በሩ ተከፈተ ሲባል፣ ጁን ላይ፣ እዚያው አሜሪካ ላይኖትን ሄፓታይተስ ያዘው። ኮንሰርቶቹ ተሰረዙ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ እዚያ ደረጃ ደርሰው አያውቁም።

ይሄ ችላ ማለት ነው? ሰውዬው ጉበቱን ታሞ እያለ እንኳ የሚቀጥለውን አልበም ዘፈኖች ሲጽፍ ነበር፤ አልበሙም በዚያው ዓመት ወጣ። በሽተኛውን ሰነፍ አላችሁት። ያም በሽተኛ ከጽሑፋችሁ የሰረዛችሁት ያው ጥቁር ሰው ነው።

እርማቱን ውስጥ ገጽ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አትደብቁት። ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ። ስሙን ጻፉ፤ ጥቁር መሆኑንም ጻፉ። ልጄ እየጠበቀ ነው።

አንድ አባት፣ ከደብሊን