ኮከቡ ለምን ጠፍጣፋ ሆኖ መጣ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጅማ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ? በዓሉ በሰላም እንዳለፈላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ለገና የምንሸጠው የወረቀት ኮከብ ሳይገጣጠም፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለደረሳችሁ ግን አንዳንዶቻችሁን በበዓል ቀን አስከፍተናችኋል። እሱን ለመነጋገር ነው የምጽፈው።

የገና ዋዜማ ማታ፣ 2 ሰዓት ገደማ፣ አንዲት የቆየች ደንበኛችን በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ፖስታ አለ። አጠገቡ ጠፍጣፋ ቀይ ወረቀት። ከኋላ ደግሞ ልጇ ክር ይዞ ወንበር ላይ ቆሟል፣ ኮከቡን ሊሰቅል። ከሥሩ አንድ መስመር ጽፋለች፦ «ወረቀት ነው እንዴ የሸጥሽልኝ?»

ከዚያ በኋላ ስልኬ አላረፈም። «ግማሽ ሥራ በሙሉ ዋጋ» ያለም አለ። «ልፋቱን ለኛ፣ ብሩን ለናንተ» ያለም አለ። አንዱ ደግሞ «ድሮ እንዲህ አልነበራችሁም» አለኝ። ሌላው ሁሉ አልፏል፣ ይቺ ግን እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለች።

መጀመሪያ ይቅርታውን ልጨርስ። ኮከቦቹና የበረዶ ቅርጾቹ ከዘንድሮ ጀምሮ ሳይገጣጠሙ እንደሚላኩ የተናገርነው በቴሌግራም ብቻ ነው፣ ያውም ታኅሣሥ 12። ብዙዎቻችሁ ከዚያ በፊት ቀብድ ከፍላችኋል። በተወሰኑ ፖስታዎች ደግሞ የአገጣጠም መግለጫው ሳይገባ ቀርቷል። ሁለቱም የኛ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጉልን።

በውሳኔው ግን አልጸጸትም። ለምን እንደሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳችሁ፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት ኮከቦቹን ቀድመን ለመጨረስ ብለን ጥቅምት ላይ መገጣጠም ጀመርን። የጅማን ጥቅምት ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ እንደ ሌላው አገር «መስከረም ጠባ» ብሎ አይሄድም። 60 ኮከብ ገጥመን ጣራው ሥር በገመድ ሰቀልናቸው። ሲያዩአቸው ያምሩ ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ጫፎቻቸው እንደ በግ ጆሮ ወድቀዋል። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ግን በሁሉም በኩል እኩል አያብጥም፤ ከቃጫው አቅጣጫ ይልቅ በወርዱ ይሰፋል። ስለዚህ ይጣመማል። በኮላ የተያዘ ወረቀት ሲጣመም ደግሞ መገጣጠሚያው ይለቃል። ከ60ው 23ቱን ጣልናቸው። ጠፍጣፋው ወረቀት ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ከባድ ጣውላ ተጭኖበት፣ ክረምቱን ሙሉ ምንም ሳይሆን ይከርማል።

የተረፉትን ደግሞ መንገዱ ጨረሰልን። አንድ የተገጣጠመ ኮከብ ወርዱ 30 ሴንቲ ነው። ካርቶን ውስጥ ስድስት ብቻ ይገባል፣ እሱም አየር ነው የሚበዛው። አውቶብስ ላይ የሚጫን ዕቃ የሚከፈልበት በክብደቱ ብቻ አይደለም፣ በያዘው ቦታም ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጊቤን ወርዶ፣ ጊቤን ወጥቶ፣ ላዩ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ተጭኖበት የሚደርስ ኮከብ ኮከብ አይባልም። አጋሮና በደሌ ያላችሁትም ታውቁታላችሁ፣ የተጨፈለቀውን ፎቶ የላካችሁልኝ እናንተው ናችሁ። ያኔም ይቅርታ ብዬ ምትክ ላክሁ። ትርፉም በዚያው ሄደ።

አሁን ስለ ሥራው ልንገራችሁ። «ማሽን ነው የሚሠራው፣ እናንተ ምን ደከማችሁ?» የሚል ሰው አለና።

ማሽኑ ሁለት ነገር ይሠራል። ዙሪያውን ይቆርጣል። የሚታጠፍበትን መስመር ደግሞ ሳይቆርጥ ይጫነዋል። ኮከቡ አምስት ጫፍ አለው፣ እያንዳንዱ ጫፍ መሐሉ ላይ እንደ ጣራ ይታጠፋል። ወረቀቱን ወረቀት መሆኑን የሚያስረሳው ያ እጥፋት ነው፣ ብርሃን በአንዱ በኩል ያርፋል፣ በሌላው በኩል ጥላ ይሆናል። መስመሩ በጣም ከተጫነ ሲያጥፉት ይቀደዳል፣ ካነሰ ደግሞ ጠማማ ይታጠፋል። ቢላዋው ከደነዘዘ የበረዶ ቅርጹ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማዕዘኖች ይጎተታሉ። ወረቀቱ የሚለጠፍበት ማት ላይ አቧራ ካለ ወረቀቱ መሐል ላይ ይንሸራተታል። መብራት ከሄደ ደግሞ አለቀ። ማሽኑ የት ላይ እንደነበረ አያስታውስም፣ ያ ወረቀት ተጥሎ እንደገና ይጀመራል። አንድ የበረዶ ቅርጽ ብቻውን 11 ደቂቃ ይፈጃል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ መብራት የሄደበትን ቀን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከማሽኑ ሲወጣ ገና ነው። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀሩትን ቁርጥራጮች በመርፌ አንድ በአንድ ማውጣት አለ። ከዚያ ነው መገጣጠም የሚመጣው፣ ለአንድ ኮከብ 40 ደቂቃ። ይህን የሚሠሩልኝ ሦስት ልጆች ነበሩ። አንዷ አግብታ ቦንጋ ሄደች። አንዷ ዓረብ አገር። የቀረችው ቀን ትማራለች፣ ማታ ማታ ብቻ ናት። እጇ ወርቅ ነው፣ ግን ሁለት እጅ ነው ያላት።

ዋጋውን በተመለከተ። ኮከቡን ዘንድሮ የሸጥንላችሁ በ380 ብር ነው። አምና ተገጣጥሞ 380 ነበር። «ታዲያ ሳይገጣጠም ለምን አልቀነሰም?» ብላችኋል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ 100 አለፈ። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ያ ወፍራም ባለ 200 ግራም ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው። ቢላዋውም፣ ማቱም፣ ውስጡ የሚገባው ጥቃቅን መብራትም እንደዚያው። የድሮውን ወረቀት እስክንጨርስ አምና ቻልነው። ዘንድሮ ግን አንድ አከፋፋይ ቀብድ ከተቀበለን በኋላ «ዋጋ ተቀይሯል» ብሎ ሁለት ጊዜ ጨመረብን። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። እኔ ግን እናንተ ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ አንድ ብር ጨምሬባችኋለሁ? አልጨመርሁም። ገጣጥመን እንሽጥ ብንል 600 ማለት ነበረብን። ቁጭ ብለን አሰብን። 600 ብር አውጥቶ የወረቀት ኮከብ የሚሰቅል ስንት ቤት አለ? ስለዚህ ዋጋውን ያዝንና መገጣጠሙን ለናንተ ተውን። ደስ ብሎን አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ራሴ ብናገር አትቀየሙኝ።

ይህ ሥራ በማሽን አልተጀመረም። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ በምርቃት ሰሞን የተማሪዎችን ስም ከወፍራም ወረቀት በምላጭ እቆርጥ ነበር። ግራ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። ማሽኑ የመጣው በ2012 ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በብርድ ጃኬቶች ጠቅልላ በሻንጣዋ አመጣችልኝ። ጃኬቶቹን ማንም አልለበሳቸውም፣ እዚህ ምን ይሠራሉ? ማሽኑ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያበላናል።

የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዝ የአንድ ሆቴል ነበር፣ ለፈረንጆች ገና 40 የበረዶ ቅርጽ። ሳቄ መጣ። እኛ የምናውቀው በረዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ቡናውን አበባው ላይ የሚያረግፈውን ነው። ሰማይ ላይ እንደ ላባ የሚንሳፈፈውን ያየሁት በስልክ ነው። ግን ተማርሁ። ቨርሞንት በምትባል የአሜሪካ ግዛት ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል ገበሬ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1885 አንዲት የበረዶ ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ከ5,000 በላይ አነሳ። የሱን ሥዕሎች እያየሁ ነው የኛን ቅርጾች የሠራሁት። «ለምን ስምንት ጫፍ አታደርጉትም፣ ይሞላል» ያላችሁኝ ነበራችሁ። እምቢ ያልሁት ለግትርነት አይደለም። ውሃ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ በስድስት ማዕዘን ነው የሚደረደሩት፣ እውነተኛው በረዶ ስድስት ነው። እሺ፣ ትንሽ ግትርም ነኝ።

ከዚያ የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሰባት ደርብ ወረቀት ሠራን። ከኋላ መብራት፣ ከፊት በረንዳው፣ ላዩ ላይ በረዶ ሲዘንብ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን አዩትና «ልጄ፣ በአባ ጅፋር ጊዜ በረዶ አልዘነበም» አሉኝ። ግን ሁለት ገዙ።

ይህን ሁሉ የማወራው «ድሮ እንዲህ አልነበራችሁም» ላለኝ ሰው ነው። ወንድሜ፣ ድሮም እንዲህ ነበርን። ድሮ ያልታየው ወጪው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠፍጣፋ መሸጥ እኔ የፈጠርሁት ነውር አይደለም። ጀርመን አገር ኸርንሁት የምትባል ከተማ አለች። የገና ኮከባቸው ሥሩ በ1830ዎቹ ነው፣ ኒስኪ በሚባል ቦታ ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪዎች ጂኦሜትሪ ሲማሩ የሠሩት ነው ይባላል። 25 ጫፍ አለው፤ 17ቱ ባለ አራት ማዕዘን፣ 8ቱ ባለ ሦስት። የወረቀቱ ኮከብ እስከ ዛሬ ተፈትቶ ነው የሚሸጠው። ገዢው ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ጋር ይገጥመዋል። 25 ጫፍ! የኛ አምስት ነው።

ፖስታው ውስጥ መግለጫ ላጣችሁ፣ እዚህ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሁሉንም መስመር አጥፉ፣ ኮላውን አትቸኩሉበት። በጣት ብቻ አታጥፉ፣ በማንኪያ ጀርባ ጫን እያላችሁ ሂዱበት። ረጅሙ መስመር ወደ ውጭ ይወጣል፣ አጭሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በክብሪት እንጨት ጫፍ ትንሽ ኮላ ጠርዙ ላይ አድርጉና እስከ 30 እየቆጠራችሁ ያዙት። ኮላ ሲበዛ ወረቀቱን ያርሰዋል፣ ያኔ የናንተም ኮከብ የበግ ጆሮ ይሆናል። ሁለቱን ግማሾች ከማጣበቃችሁ በፊት ክሩን አስገቡ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ክሩን ረስቼ ፈትቻለሁ። የበረዶ ቅርጹ ይቀላል፣ ስድስቱን ቅጠሎች ከወገባቸው አጥፋችሁ ጀርባ ለጀርባ ማጣበቅ ነው።

ከዚህ በኋላስ? ጠፍጣፋው ይቀጥላል። ተገጣጥሞ የሚፈልግ ሰው ሲያዝ ይንገረን፣ የልጅቷን የእጅ ዋጋ 150 ብር ጨምሮ ሱቅ መጥቶ ይወስዳል፣ በአውቶብስ ግን አንልክም። የአሠራር ለውጥ ካለ ከሁለት ወር በፊት ለእያንዳንዳችሁ በስልክ መልእክት እንናገራለን። ፖስታው ያልተከፈተ ኮከብ የመለሰ ሰው ብሩ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። እስካሁን አራት ሰው መልሷል፣ ያለ ክርክር ከፍለናል።

ረመዳን የካቲት ላይ ይገባል። ለረመዳን የምንሠራው የወረቀት ፋኖስ ትእዛዝ በዚህ ሰሞን መምጣት ነበረበት። አምና በዚህ ጊዜ ደብተሩ ሁለት ገጽ ሞልቶ ነበር። ዘንድሮ ሰባት ስም ነው ያለው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የተቀየማችሁ ብትነግሩኝ ይሻለኛል፣ ዝም ብላችሁ ከምትሄዱብኝ። ፋኖሱ አራት ጎን ብቻ ስለሆነ ከኮከቡ ይቀላል፣ መግለጫውም አሁን ወረቀቱ ላይ ራሱ ታትሟል፣ አይጠፋም።

ያቺን ፎቶ የላከችልኝን ደንበኛ በማግስቱ፣ የገና ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደወልሁላት። አላነሳችም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ፎቶ ላከች፣ ምንም አልጻፈችበትም። ልጁ ኮከቡን ሰቅሎታል። አንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ተገልብጧል ማለት ነው። መጥቼ ላስተካክለው ብዬ ጽፌላታለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

እናንተም የተበላሸባችሁ ካለ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሱቅ ነን። ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንገጥመዋለን። ልጆቹንም አምጧቸው። ቡና ይፈላል፣ ኮላው ከኛ ነው።

ገለቶማ፣ እናመሰግናለን።

የወረቀት ሥራ ቤቱ ባለቤት